ጩኸት የሚንጠው መናጫ

ጨመዳ ሰላምታ ሲሰጥ የማያውቀው ሰው ሊጣላ የመጣ ይመስለዋል። ነቀምቴ ገበያ ሲወርድ ጨው ሻጯ ገና ከሩቅ ስታየው ሻርፗን ጆሮዋ ላይ ትጠመጥማለች። በቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌዎቹ «ጨመዳ ሲጸልይ እግዚአብሔር ደምቢ ዶሎ የሄደ ይመስላል» እያሉ ያሙታል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በሚጮህ ውሃ አጠገብ ኖሮ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እሱ ራሱ መጮኹን አያውቅም፤ እንዲያውም የሰው ሁሉ ሹክሹክታ ይገርመዋል።

ቤቱ ያለው ከነቀምቴ ወጣ ብሎ በጉቶ ጊዳ በኩል፣ የባጃጁ መንገድ ካለቀ በኋላ በእግር አንድ ሰዓት ተወጥቶ፣ ቱሉ ኮርማ የሚባለው ኮረብታ ወገብ ላይ ነው። ከኮረብታው አናት የሚፈልቀው ምንጭ በወፍራም የብረት ቧንቧ ተይዞ ቁልቁል ይወረወራል። ያ ሁሉ ቁልቁለት ውሃውን ጉልበተኛ ያደርገዋል። በቀጥታ ከተማ ቢለቀቅ የቡርቃ ጃቶ ሰፈርን የቤት ቧንቧ ሁሉ እንደ ፈንዲሻ ያፈነዳው ነበር። ስለዚህ በመንገዱ ላይ አንድ የሲሚንቶ ቤት ተሠርቶለታል፤ የግፊት መስበሪያ ይሉታል። ውሃው እዚያ ገብቶ ከግድግዳ ጋር ይላተማል፣ ይጮኻል፣ ይደክመዋል፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ወደ ከተማው ማጠራቀሚያ ይወርዳል። የጨመዳ ሥራ ይህ ውሃ በሰላም ተላትሞ በሰላም እንዲሄድ መጠበቅ ነው።

ወደዚህ ኮረብታ የመጣው በሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ የቧንቧ ቦይ ቆፋሪ ሆኖ ነበር። ቧንቧው ተቀብሮ ሌሎቹ ቆፋሪዎች ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ እሱ አካፋውን ተደግፎ ውሃው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ሊያይ ቀረ። መጀመሪያ የመጣው ግን ውሃው አልነበረም። ከቧንቧው ውስጥ ነፋስ ወጣ፤ ቀጥሎ እንደ ሽማግሌ ሳል ያለ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ ያ ጩኸት ወረደ። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ሲሸሽ ጨመዳ ብቻ ፈገግ ብሎ ቆሞ ተገኘ። ጠባቂ የሚፈልገው ኃላፊም ከእሱ የተሻለ እንደማያገኝ አውቆ በዚያው ቀጠረው።

ሚስቱን ሎሚን ያገባት በዓመቱ ነው። ከመስበሪያው ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ባለችው የቆርቆሮ ቤት አስገባት። በሰርጋቸው ማግስት ጠዋት ሙሽራዋ የሆነ ነገር አለችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ «እሺ» አላት። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አያውቅም። እሷም መስማት እንዳልቻለ ገብቷት እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ በኋላ የኖሩት እንደዚሁ ነው፤ ዋና ነገር ሲኖራት ቀርባ ጆሮው ላይ ትጮኻለች፤ ሌላውን እሱ ከከንፈሯ ላይ እያነበበ የገባውን ይወስዳል። ይህ ደግሞ ትዳር ነው ወይ የሚል ሰው ካለ፣ ሁሉን እየሰሙ ምንም ከማይገባቸው ባሎች ትዳር ይሻል ነበር እላለሁ።

ማለዳ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከቁጥቋጦው ላይ ሳይነሣ፣ ሎሚ በራፉ ላይ ተቀምጣ ወተት ትንጣለች። ቅሉ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ከንፈሯም አብሮት ይሄዳል፣ ይመጣል። ታዜማለች ማለት ነው። ጨመዳ ቫልቮቹን ዞሮ ካየ በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ጆሮው የሚሰማው ውሃውን ነው፤ ዐይኑ የሚያየው እሷን ነው። እንዲህ ሆኖ ዓመታት የኖረ ሰው ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ቀስ በቀስ ውሃው የእሷን ዜማ ያዘ። ውሃው ከፍ ሲል እሷ ድምፅዋን ከፍ ያደረገች፣ ሲንቀጠቀጥ እሷ የሳቀች ይመስለው ጀመር። ከሰው ፊት ርቃ ለእሱ ብቻ የምትዘፍንለት ሚስት ያለችው ባል መሆኑን እያሰበ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል።

ሎሚ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ታማ ሞተች። ለቀስተኛው ሁሉ ድምፅዋ ናፈቀን ሲል ጨመዳ አንገቱን ደፋ። ለማንም ያልነገረው ነገር ነበረው፤ ድምፅዋ አልሄደም። ማታ ጋደም ሲል ግድግዳው ንዝር ንዝር እያለ ታዜምለታለች። ጠዋት ዐይኑን ሳይገልጥ ጥቂት ይቆያል፤ በራፉ ላይ ቅሉ ሲሄድና ሲመጣ ይታየዋል፤ የቅቤው ሽታ እንኳ ይመጣለታል። ከዚያ ይነሣና ቫልቮቹን ይጎበኛል። ሰዎች ለምን ሌላ እንዳላገባ ሲጠይቁት ጊዜ የለኝም ይላቸዋል።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ የኋላሸት መጣ። የኋላሸት የጎጃም ልጅ ነው፤ ነቀምቴ የተመደበ የውሃ መሐንዲስ። በሦስት ዓመት ውስጥ «ኦቦ» ማለትንና «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትን ለምዷል፤ የተቀረው ኦሮምኛው ግን ሰው ያስቃል። መስበሪያው ቤት ገብቶ እጁን ግድግዳው ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። በጨመዳ ጆሮ ላይ እየጮኸ አስረዳው፤ ይህ ሁሉ ጉልበት ቀንና ሌሊት ከግድግዳ ጋር እየተላተመ በከንቱ ይቀራል። ቧንቧው ላይ አነስ ያለ ተርባይን ቢገጠም ውሃው ሲያልፍ ያዞረዋል፤ የሚወጣው መብራት ከኮረብታው ጥግ ወዲያ ላለው ጤና ኬላ ይበቃል፤ ለመንደሩም ይተርፋል። ጨመዳ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ውሃውን ምን እንደሚያደርጉት ብቻ ጠየቀ።

«ውሃውን አንነካውም፣ ኦቦ ጨመዳ። አንዲት ጠብታ አትጎድልም። የምንወስደው ይህን ጩኸቱን ነው» አለው የኋላሸት።

ነገሩ ቀላል እንዲሆንለት ብሎ ነው እንዲህ ያለው። ጨመዳ ግን ጀርባውን በረደው።

እምቢ እንዳይል ደግሞ አፍ አልነበረውም። በዚያ ጤና ኬላ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሶረቲ አንዲት ልጁ ናት። መብራት ስለሌለ በክትባት ቀን ሁሉ ሌሊት ተነሥታ ነቀምቴ ትወርዳለች፤ መድኃኒቱን በበረዶ ሳጥን ትቀበልና በባጃጅ እስከ መንገዱ መጨረሻ፣ ከዚያ በትከሻዋ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። ፀሐይ ከበረታ በረዶው ከእሷ ቀድሞ ያልቃል። የፍሪጅ ተስፋ ሲመጣ የሶረቲን ፊት ያየ አባት ምን ብሎ ይከለክላል? ጨመዳ ራሱ ከአሥራ ሁለት ተሸካሚዎች ጋር ሆኖ ማሽኑን በሸክም አወጣው።

የተመረቀ ዕለት መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። የኋላሸት አዲሱን መስመር ከፈተና ማሽኑ መዞር ጀመረ። የቅርብ ጎረቤቱ ጉደታ፣ ከብት ወዳዱ ሽማግሌ፣ አንገቱን አስግጎ አየና «ይህማ መናጫ ነው» አለ። ስሙ በዚያው ጸና። ቀጥሎ ውሃው ሁሉ በመናጫው በኩል እንዲያልፍ የድሮው ቫልቭ መዘጋት ነበረበት። መዘውሩን እንዲያዞር የተጠራው ጨመዳ ነው። ሃያ ሁለት ዙር ነው የሚዞረው። በእያንዳንዱ ዙር ሎሚ አንድ አንድ እርምጃ ራቀች። በሃያ ሁለተኛው ላይ ጸጥ አለ፤ የቀረው እንደ ንብ ቀፎ ያለ ቀጭን እንጉርጉሮ ነበር። የጤና ኬላውን መብራት ያየ ሰው ከጥጉ ወዲያ እየሮጠ መጥቶ በራ፣ በራ ሲል ሰዉ እልል አለ። ጨመዳን እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት ሬሳ የሸኘ ሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት አሥር ቀኖች ለእሱ እንግዳ ነበሩ። የራሱ እግር ኮቴ ከኋላው የሚመጣ ሰው እየመሰለው ይዞራል። ዶሮ ስትጭር ይሰማል። ከታች ሸለቆ የሚያገሳ በሬ ይሰማል። የገዛ ትንፋሹን ሲሰማ ደንግጦ ቁጭ አለ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሰፋበት፣ አልጋውም። ያኔ ነው ሎሚ የሞተችበት። አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ ለቅሶው መጣና ሰው አጠገቡ ሳይኖር አለቀሰ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጉደታ ከብቶቹን እየነዳ መጣ። የመስበሪያው ትርፍ ውሃ የሚወርድበት የከብት ገንዳ እዚያው ከታች ነው። ጉደታ ስለ ላሚቱ ወተት መቀነስ ብዙ ካማረረ በኋላ ወደ ነገሩ ገባ።

«አንተ ጨመዳ፣ ወተት ሲናጥ ቅቤው ወጥቶ የሚቀረው አሬራ ነው። ውሃውንም ናጡት። ቅቤው መብራት ሆኖ ሄደ። ለእኛ አሬራውን ነው የምታጠጡን።»

እውነቱን ለመናገር ላሚቱ ወተት የቀነሰችው ጥጃዋ አድጎ ልትነጥፍ ስለደረሰች ነው። ይህን ጉደታም አላጣውም። ግን ቅቤ ባለበት አገር ይህ አባባል እንደ እሳት ነው የሚዛመተው። በዚያው ሳምንት ከመንደሩ ሴቶች ግማሾቹ የተናጠ ውሃ ሊጥ አያነሣም ይሉ ጀመር። የጉደታ ልመና ትንሽ ነበር፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከብቶቹ ሲወርዱ፣ የድሮው ቫልቭ ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ያልተናጠ ውሃ ገንዳው ላይ ይድረስ አለ። በእኛ አገር ከብት ውሃ አይከለከልም ብሎም ጨመረበት። ጨመዳ የአሬራው ነገር ተረት መሆኑን ያውቃል። ማሽኑን በገዛ ትከሻው ያወጣ፣ ውሃው በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ሲወጣ ያየ ሰው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እሺ አለው።

ሦስት ዙር ከፈተ። መስበሪያው ውስጥ አንድ ነገር ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ቀጥሎ ቀጭን ሆና፣ ከሩቅ እንደምትመጣ ሆና፣ ሎሚ መጣች። ጨመዳ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ከብቶቹ ጠጥተው ሄዱ። ሊዘጋ ተነሣና ትንሽ ልቆይ ብሎ ተቀመጠ። እንደገና ተነሣ፤ መዘውሩን ያዘ፤ እጁ ግን ያዞረው ወደ መክፈቻው ነበር። አሥር ዙር ሆነ። የዘጋው ጎሕ ሲቀድ ነው።

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ይባላል። በማግስቱም ከፈተ፤ በማግስቱም። ገንዳው ሰበብ ሆነ፤ ከብቶቹ ያልወረዱበት ቀን እንኳ ቫልቩ ይከፈታል። በዚያ ወር ጨመዳ እንደ ሕልም ኖረ። ፀሐይዋ ከሸለቆው ማዶ ስትገባ፣ ጉሙ ከታች እየተጎተተ ሲወጣ፣ ግድግዳው መንዘር ሲጀምር፣ በራፉ ላይ ቅል የያዘች ሴት ትቀመጣለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እሱም «እሺ» ይላታል። ቀን ቀን ሰውነቱ ቀለለው፤ ገበያም ሲወርድ ከወትሮው የበለጠ እየጮኸ ሰላም አለ።

የኋላሸት በወሩ መጨረሻ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። መናጫው የሠራውን የሚመዘግበውን ቆጣሪ አየና ራሱን ነቀነቀ። ቀን ቀን ማሽኑ ይበረታል፤ ከምሽት እስከ ንጋት ይደክማል። ምንጩን ወጥቶ አየ፣ ቧንቧውን በእጁ እየዳሰሰ ወረደ፣ ምክንያቱን አጣው። በመጨረሻ ጨመዳን የድሮው ቫልቭ ዝግ መሆኑን ጠየቀው። ጨመዳ ዝግ ነው አለ። እኩለ ቀን ነበር፤ ቫልቩም በዚያ ሰዓት ዝግ ነበር። የኋላሸት ደግሞ የጨመዳን ቃል መልሶ የሚፈትሽ ሰው አልነበረም፤ ሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ያልዋሸ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን በምንጩ ላይ ጣለ። ውሃው በቂ ካልሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማሽኑ ተነቅሎ ተራ ወደሚጠብቅ ሌላ ወረዳ እንደሚሄድ ነገረውና እያዘነ ወረደ።

ጨመዳ ቁልቁል የሚወርደውን መሐንዲስ በዐይኑ ሸኘው። ምን እንደሚጠበቅበት ወዲያው ገባው፤ ዝም ማለት ብቻ። ሁለት ሳምንት ዝም ቢል መናጫው ይሄዳል፣ ቫልቩ በሕግ ይከፈታል፣ ሎሚም ቀንና ሌሊት ቤቷ ትገባለች። ሶረቲ? ሶረቲ ድሮም ትሸከም ነበር። ይህን አሰበ፤ አስቦም አፈረ፤ አፍሮም በዚያ ምሽት ከፈተ።

የክትባቱ ቀን ሐሙስ ነበር። ማለዳ እናቶቹ ሕፃናቶቻቸውን አዝለው በቤቱ ፊት ለፊት እያለፉ ወደ ጤና ኬላው ሄዱ። አንዳንዶቹ ከወንዙ ማዶ ሦስት ሰዓት ተጉዘው የመጡ ናቸው። ጨመዳ እንደ ልማዱ ለሁሉም እየጮኸ ሰላም አለ፤ ሁለት ሕፃናትንም አስለቀሰ። ግን ረፋዱ ላይ ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ መመለስ ጀመሩ። ቶሎ ነበር፤ ይህን ያህል ልጅ ተከትቦ አያልቅም። ኬኔ የምትባል፣ የመጀመሪያ ልጇን ያዘለች ልጅ እግር እናት ውሃ ለመነችው። ከመናጫው በታች ካለው ቧንቧ በጣሳ ቀዳላት። ስትጠጣ የሆነውን ጠየቃት።

ሶረቲ ጠዋት ፍሪጁን ስትከፍት ሙቀት ኖሮታል። ለብዙ ሌሊት ሲሞቅ እንደከረመ ከመድኃኒቱ ጠርሙስ ላይ ባለው ምልክት አወቀች። ስለዚህ ክትባቱን ሁሉ የሚወገድ ዕቃ ውስጥ ጨምራ፣ ለእናቶቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲመለሱ ነገረቻቸው። ስትነግራቸው እንባዋ ይወርድ ነበር። ኬኔ ይህን ተናግራ ጣሳውን ጨረሰችና ወደ ውስጡ አየች።

«ደክሟል የሚሉት ውሃ ይህ ነው እንዴ፣ አባቴ? ምንም አልሆነም እኮ። ያው ነው» አለችው።

ልጇን አጥብቃ አዘለችና ቁልቁል ወረደች። ጨመዳ ጣሳውን እንደያዘ ቆመ። ውሃው ያው ነው። ሲያውቀው የኖረውን ነገር መንገዱ እግሯን ካቆሰላት ከአንዲት ሴት አፍ ሲሰማው ግን ሰበቡ ሁሉ ከእጁ ወደቀ። ያ ሕፃን ተመልሶ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሕፃን ምን ሊያገኘው እንደሚችል የሶረቲ አባት ያውቃል። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብሎ ለራሱ አጉረመረመና ዱላውን አነሣ።

በጤና ኬላው በራፍ ላይ አሥር ያህል ሴቶች ፀሐዩ በረድ እስኪል አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሶረቲ ባዶውን ፍሪጅ በጨርቅ ትወለውላለች። ጨመዳ ገባና ነገሩ በእነሱ መካከል እንዲቀር ብሎ አፉን ጆሮዋ ላይ አስጠግቶ፣ ይንሾካሾክ መስሎት፣ እንዲህ አለ።

«ሶረቲ፣ ማታ ማታ ቫልቩን የምከፍተው እኔ ነኝ። እናትሽን ለመስማት ብዬ ነው።»

አግዳሚው ሁሉ ሰማ። ከአጥሩ ውጭ በቆሎ የምትፈለፍል ሴት እጇን አቆመች። አንዷ ሳቅ ጀምራ በመሃል ዋጠችው። ሶረቲ ጨርቁን አጥፋ አስቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ ስልኳን አውጥታ ለየኋላሸት ደወለችና ለአባቷ ሰጠችው። ጨመዳ ለእሱም ያንኑ ቃል ደገመለት። የኋላሸት ቫልቩ ተዘግቶ ለአሥር ቀን ቆጣሪው እንዲታይ ብቻ አዘዘ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በአሥረኛው ቀን መናጫው ሌሊትም ቀንም እኩል በርትቶ ተገኘ፤ ዛሬም እዚያው አለ። በሁለተኛው ሳምንት ኬኔ ተመልሳ መጥታ ልጇን አስከተበች። ለጨመዳም ከመሥሪያ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው፤ አጣጥፎ በሎሚ የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ አኖረው።

በዚያ ሐሙስ ግን ገና ይህ ሁሉ አልታወቀም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሶረቲ አባቷን ልትሸኝ አብራው ወጣች። አልተቆጣችውም፤ ይህ ይበልጥ ከበደው። የኮረብታው ጥግ ላይ፣ ድሮ የውሃው ጩኸት የሚጠፋበት ቦታ ሲደርሱ ቆመችና እናቷን በውሃው ውስጥ እንዴት እንደሚሰማት ጠየቀችው። ነገራት። በራፉን፣ ቅሉን፣ ከንፈሯን፣ ለእሱ ብቻ የምትዘፍነውን ዘፈን። ሶረቲ እየሰማች ዐይኗ ሞላ፤ ከዚያ ደግሞ ሳያስበው ፈገግ አለች።

«አባ፣ እማ ያንን ጩኸት ትጠላው ነበር እኮ። ገበያ ስንወርድ እዚህ ጥግ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ቆማ ትተነፍሳለች። ‹ይህ ውሃ አንድ ቀን ዝም ቢልልኝ ለአባትሽ ቀስ ብዬ የምነግረው ስንት ነገር ነበረኝ› ትል ነበር።»

ጨመዳ መንገዱ ዳር ባለው አፈር ላይ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅላት የኖረው፣ የሕፃናት ክትባት እስኪበላሽ ድረስ የሰረቀላት ነገር፣ እሷ በሕይወቷ አንድ ቀን እንዲተዋት የለመነችው ነገር ነበር። ልቡ በጣም አዘነ። ያዘነው ግን ለእሷ እንጂ ለራሱ አልነበረም፤ እንዲህ ሲያዝን ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ሶረቲ እጁን ይዛ አነሣችው።

ቤት ሲደርሱ ጉደታና ከብቶቹ ገንዳው ዘንድ ይጠብቃሉ። ጨመዳ ወደ ቫልቩ ሄደ። ጉደታ ሊከፍትለት መስሎት ምርቃት ጀመረ። ጨመዳ ግን ከኪሱ መፍቻ አውጥቶ ብሎኑን ፈታና መዘውሩን ከቫልቩ ላይ ነቅሎ ለሶረቲ አስታቀፋት። ከዚያ ከመናጫው የሚወጣውን ውሃ በጣሳ ቀድቶ ጉደታ ፊት እስከ ታች ጠጣና የቀረውን ውሃ ወደ ገንዳው ለቀቀው። ጉደታ ስለ አሬራ ገና ሊከራከር አፉን ሲከፍት ከብቶቹ ማንንም ሳይጠይቁ አንገታቸውን ደፍተው ጠጡ። ሽማግሌው ከብቶቹ የማይረቡ መሆናቸውን እየተናገረ ነዳቸው።

አባትና ልጅ በራፉ ላይ ተቀመጡ። ጉሙ ከሸለቆው መውጣት ጀምሮ ነበር። መናጫው በቀጭኑ ያንጎራጉራል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ከጥጉ ወዲያ የጤና ኬላው መብራት በጉሙ ላይ ነጭ ብርሃን አሳረፈ። ጨመዳ፣ እናቷ ስትንጥ የምታዜመው ምን እንደነበር ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ታውቃለች፤ ሎሚ ያንን ዜማ ከጥጉ ወዲያ፣ የገበያው መንገድ ላይ ነበር የምታስተምራት። ሶረቲ ተነሥታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደረቅ ቅል አወረደች፤ ጭኗ ላይ አድርጋ ባዶውን እየገፋች እየሳበች ጀመረች።

ዜማው ጨመዳ እንደሚያውቀው አልነበረም። ከፍ አይልም፣ አይንቀጠቀጥም። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ለቅርብ ሰው የሚባል ነገር ነበር። ውሃው አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ቅሉ በሄደና በመጣ ቁጥር መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ትመለሳለች፤ ያቺን ቃል ከሎሚ ከንፈር ላይ ሲያያት ሃያ ጊዜ ሌላ ትርጉም ሰጥቷት ነበር። አሁን በጆሮው ሲሰማት «ጨመዳ» ነበረች።

ሶረቲ ጨርሳ ቅሉን አቆመች።

«ድገሚው» አላት። ድምፁ ከቆርቆሮው ጋር ተላትሞ ተመለሰ፤ ከታች ውሻ ጮኸ።

«አባ፣ አትጩህ። ይሰማኛል» አለችው ቀስ ብላ።

ጨመዳ ወደ ልጁ ጠጋ አለ። ከዚያ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው በሚበቃ ድምፅ፣ «ድገሚልኝ» አላት።